በበሬሳ ድልድይ ሥር የተዘረጋ መረብ

በበሬሳ ወንዝ ዳር የምትግጥ የሰው በግ ጥቁር ፌስታል እያኘከች ነበር። ከትምህርት ቤት የምትመለስ ልጅ ደብተሯን መሬት ጥላ ተንበረከከች፤ የበጊቱን መንጋጋ በአንድ እጇ ይዛ ፌስታሉን ቀስ እያለች ሳበችው። «አይዞሽ፣ አይዞሽ» አለቻት። ልሃጩን በዩኒፎርሟ ጠርጋ መንገዷን ቀጠለች። የበጊቱ ባለቤት አላየችም፤ ያየችው ይህን የምትጽፈው የልጅቱ ጎረቤት ብቻ ናት።

ልጅቱ ፀደንያ ትባላለች፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። አምና እነሱም ቤት አንዲት በግ ነበረች። ሆዷ ሲገፋ የፀደንያ እናት እናናየሁ ደስ ብሏት፣ «በሰላም ትገላገልልኝ እንጂ የመጀመሪያ ግልገሏ ለሥላሴ ነው» ብላ ተሳለች። ከሚበሉት ገብስ ቀንሰው አበሏት። አንድ ጠዋት ግን ወድቃ አገኟት። ግልገሉ እንኳ ይትረፍ ብለው ሆዷን ሲሰነጥቁት ግልገል የለም፤ እንደ ድንጋይ የጠጠረ የፌስታል ቋጠሮ ዱብ አለ።

ጎረቤት ከንፈሩን መጠጠ። ፀደንያ አላለቀሰችም። «ለሥላሴ የተሳልነው ይህንን ነው?» አለች።

የሞተችውን በግ ሱፍ ሸለተች። የክፍሏ ልጆችም ከየቤታቸው ሱፍ አመጡ። ፈትለው፣ ገምደው መረብ ሠሩና ከድልድዩ ሥር ዘረጉት። ወንዙ የሚያመጣው ፕላስቲክ እዚያ ይያዝ ጀመር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ያወጡታል።

ይህ ያልጣመው ባለጋሪው ባየው ነው። የምግብ ቤቶችን ቆሻሻ በጋሪ እየጫነ ከድልድዩ ላይ የሚደፋ እሱ ነውና መረቡ ጉዱን አወጣበት። አንድ ቀን ልጆቹ እያዩት በቢላዋ ቆረጠው።

«ወንዙ ይዞት ይሄድ የለም እንዴ? እናንተን ምን አገባችሁ!»

«የት ነው የሚሄደው ጋሽ ባየው?» አለች ፀደንያ።

«ጀማ ነዋ! ከጀማ ዓባይ፣ ከዚያ ባሕር። ለመሆኑ አንቺ ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። የባሕሩም ዓሣ እኔን አያውቀኝም፤ የኛን ፌስታል ግን ይበላል።»

ባየው ሳቀ። «በግሽን ያልጠበቅሽ፣ ደሞ ዓሣ ጠባቂ ሆንሽ!»

ቃሉ ወጋት። ቤቷ ሮጣ ከበጊቱ ሆድ የወጣውን፣ አስቀምጣው የነበረውን ያን የጠጠረ ቋጠሮ አመጣችና እሱ ከሚደፋበት ቦታ፣ ከድልድዩ ብረት ላይ አሰረችው። «ይኸው! እንግዲህ ይህን እያዩ ይድፉ።» ሌሎቹ ልጆች እዚያው ፊቱ የተቆረጠውን መረብ ይቋጥሩ ጀመር።

«ነገም እቆርጠዋለሁ!»

«ነገም እንቋጥረዋለን!» አሉት ባንድ ድምፅ።

ከዚያ ወዲህ ባየው መረቡን ሊቆርጥ የሚመጣው ልጆቹ ሳይደርሱ፣ ገና ሳይነጋ ነው። ሰኔ ደግሞ ገብቷል። ወንዙ ሲሞላ በጋውን ሙሉ ዳሩ ላይ የተከማቸውን ጠራርጎ ስለሚሄድ፣ መረቡ ያን ጊዜ ካልተገኘ ልፋታቸው ሁሉ ከንቱ ነው። ትናንት ፀደንያ ይህን የምትጽፈውን ጎረቤቷን ደጃፏ ላይ ጠብቃ አገኘቻት።

«እትዬ፣ ኪዳን ሲሄዱ በድልድዩ ነው አይደል የሚያልፉት?»

«አዎን ልጄ።»

«እንግዲያው ከጋሪው ቀድመው ይድረሱልኝ። ምንም አይበሉት፤ ብቻ ከመረቡ በላይ ይቁሙ። እኛን ልጆች ብሎ ይንቀናል፤ እርስዎን ግን ያፍርዎታል። እኛ እስክንደርስ ነው። በግልገሉ ፈንታ ለሥላሴ የምሰጠው ስለት አለብኝ፣ እትዬ።»