«መስዬ» ነው ያለችው

ይድነቃቸውን እጠላዋለሁ። አስቀድሜ የምናገረው፣ ስለ እታገኘሁ የምጽፈውን የሚያነብ ሰው ይህን አውቆ እንዲያነብ ነው።

እታገኘሁ አዲስ አበባ ሳለች የአማርኛ አስተማሪ ነበረች። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ማግስት ሁለት ባልደረቦቿ ሲታሰሩ፣ አንድ የቦረና ከብት ነጋዴ የሚስቱን ልብስና ሻሽ አልብሶ፣ ከጎኑ አስቀምጦ በሞያሌ አሳለፋት። ናይሮቢ ስትደርስ ሁርሊንግሃም ሰፈር ያለ ያበሻ ምግብ ቤት ተቀጠረችና ሠርክ ከምባለው ከእኔ ጋር ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። እጇ ለወጥ ቤት አልተፈጠረም፤ ሽሮዋ ሁልጊዜ ይጓጉላል። ምላሷ ግን ስለት ነው። የምግብ ቤቱን ሜኑ እንኳን ፊደሉ ተሳስቷል ብላ በቀይ እስክሪብቶ አርማዋለች።

ይድነቃቸው ጥርስ የነከሰባት በዚሁ ምላሷ ነው። የስደተኞችን ማመልከቻ የሚመረምር አንድ ቢሮ ውስጥ አስተርጓሚ ነው። ናይሮቢ ሃያ ዓመት የኖረ፣ በፀሐይም ከራቫቱን የማይፈታ፣ ጎንበስ ብለው ሰላም ካላሉት የሚያኮርፍ ሰው። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት የእድሩን ደብዳቤ ሲያነብ «ሟች ቤተሰቦች ሆይ» አለ። እታገኘሁ ከኋላ ሆና፣ «የሟች ቤተሰቦች ይበሉ እንጂ ጋሼ፤ እነሱ እኮ ገና አልሞቱም» አለችው። ሐዘንተኞቹ ሳይቀሩ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

ከስምንት ወር በኋላ ለስደተኝነት ማመልከቻዋ ኢንተርቪው ስትጠራ፣ አስተርጓሚው እሱ ሆኖ ቆያት። ድንበሩን እንዴት እንዳለፈች ጠየቋት። «የከብት ነጋዴ ሚስት መስዬ» አለች። መልሱ በሦስተኛው ወር መጣ፦ አመልካቿ የነጋዴ ሚስት ነኝ እያለች እንደምታስመስል ራሷ ስላመነች ቃሏ አይታመንም። ይግባኝ ለማለት ሠላሳ ቀን ተሰጣት። ያ ካልሆነ ወረቀቷ ይሰረዛል፤ ፖሊስ ያገኛት ዕለት ደግሞ በመጣችበት መንገድ ወደ ሞያሌ መመለስ ነው።

«መስዬ» ነው ያለችው፤ «አስመስዬ» አድርጎ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው እሱ ነው። ሰው «ዛሬ ሰው መሰልሽ» ሲለኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ይለኛል፤ «አስመሳይ» ቢለኝ ግን ጭልፋ አነሳለሁ። ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እኔ የማውቀውን፣ በትርጉም ደሞዝ የሚበላው ሰውዬ ጠፍቶት ነው? አልጠፋውም።

ቢሮው፣ አስተርጓሚው ስህተቱን በጽሑፍ ካመነ ፋይሉ እንደገና ይታያል አለን። ፓርክላንድስ ሰፈር፣ ቤቱ ድረስ ሄድን። ሶፋው ላይ እንደተደላደለ፣ «ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ በይ እንጂ፤ መምሰልና ማስመሰል ያው ነው፣ ሥራዬን አታስተምሪኝ» አላት። ቀጥሎ ፈገግ አለ። «ለማንኛውም እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ እድርተኛው ባለበት ይቅርታ ጠይቂኝ። ያኔ እፈርማለሁ።»

በማታቱ ታክሲ ስንመለስ «አላደርገውም» አለች።

«አድርጊው፤ ለአፍ ያህል ነው፣ ትንሽ ማስመሰል ነው» አልኳት። እሑድ እስኪደርስ ጨቀጨቅኳት።

እሑድ ነጠላዋን አደግድጋ እግሩ ላይ ወደቀች። «ጋሼ፣ ባለማወቄ ነው። አማርኛውንም ገና ከእርስዎ ነው የምማረው» አለችው። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ እንባዋም ወረደ። ይድነቃቸው ዙሪያውን ቃኝቶ፣ ሰው ሁሉ ማየቱን ካረጋገጠ በኋላ አነሳት። «ምን ይደረግ፣ ልጅ ናት» አለ። እኔ ከሰው ኋላ ቆሜ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩ። ይኼ ደንቆሮ፣ እውነተኛው ማስመሰል እግሩ ሥር ወድቆለት አላወቀውም ብዬ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሰኞ ፈረመ። ፋይሉ ተከፈተ፤ ይግባኙም አለፈላት። ደብዳቤው የመጣ ዕለት ወጥ ቤት ውስጥ አቅፌያት፣ «አንቺ እኮ ተዋናይ መሆን ነበረብሽ፤ እንባው ከየት መጣልሽ? እንዴት አድርገሽ ሸወድሽው!» አልኳት።

ቢላዋዋን አስቀምጣ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ሠርክዬ፣ እንደዛ እያልሽ ለሰው አታውሪ» አለችኝ። «አላስመሰልኩም። በእውነት ፈርቼው ነው የወደቅኩት።»