እትዬ ቀስበልና አርባ ኪሎ ሜትሩ

እትዬ ቀስበል ከቤቷ እስከ መኪና ማሠልጠኛው ያለውን የአሥር ደቂቃ መንገድ በግማሽ ሰዓት ነው የምትጨርሰው። የሚያልፈው የሚያገድመው ሁሉ የድሮ ተማሪዋ ነውና። የታክሲው ሾፌር ክላክስ ያደርግላታል፤ የዳቦ መኪናው መብራቱን ያበራል፤ የአምቡላንሱ ሾፌር እንኳ በሽተኛ ካልጫነ አንገቱን በመስኮት ብቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ይኸው ቀስ እያልኩ ነው!» ይላታል። እሷ ግን በእግሯ ነው የምትሄደው። የራሷ መኪና ኖሯት አያውቅም።

ስሙን ያወጣንላት እኛ ተማሪዎቿ ነን፤ በቀን ሁለት መቶ ጊዜ የምትለውን ቃል መልሰን ሰጠናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያች ነጭ የማሠልጠኛ መኪና የቀኝ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከእግሯ ሥር ተጨማሪ ፍሬንና ፍሪሲዮን አለ፤ ከጭንቅላቷ በላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ማክሰኞ፣ የትራፊክ ምልክት በምንማርበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። እትዬ በዱላዋ አንዱን ምልክት ነካች። ቀይ ሦስት ማዕዘን፣ መሐሉ ላይ የሚዘል ጥቁር እንስሳ።

«የዱር እንስሳት ሊያቋርጡ ይችላሉ። ፍጥነት ቀንስ፣ ግራ ቀኝ ተመልከት።»

ከፊት የተቀመጠችው ፀጉር ሠሪ እጇን አወጣች። «እትዬ፣ ይሄ ምልክት የት ነው ያለው? አይተሽው ታውቂያለሽ?»

እትዬ ምልክቱን አየችው፤ ምልክቱም እሷን ያያት መሰለኝ። ያን ሁሉ ዓመት ያን ሁሉ ሕዝብ አስተምራ፣ አንድ ቀን እንኳ በዚያ ምልክት አጠገብ አላለፈችም።

እትዬ እንስሳቱን ራሷ ነድታ ሄዳ ልታይ ቆረጠች፤ በሳምንቱ የክፍሉ ሰሌዳ መልኩን ቀየረ። መንታ መንገድና አደባባይ የተሳለበት፣ ትንንሽ የማግኔት መኪናዎች የሚለጠፉበት ሰሌዳ ነበር። አሁን አደባባዩ ኩሬ ሆነ። ዙሪያው አርባ ኪሎ ሜትር፣ በር አንድ፣ ኩሬ ሦስት፤ ሰው በራሱ መኪና እየነዳ የሚገባበት የዱር እንስሳት ፓርክ። ከከተማችን የአራት ሰዓት መንገድ ነው፤ ይህን ስሰማ ዝሆን ከእኛ በአራት ሰዓት ርቀት ላይ ቁርሱን እየበላ እንደሚኖር ገባኝና ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያናግረኝ አልሰማም ነበር።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁ ከማሠልጠኛው አለፍ ብሎ በመንገዱ ዳር ነው። ለሰሌዳው አንድ ቆርቆሮ ሙሉ አዝራር ይዞ መጣ። ትልልቁ ግራጫ የካፖርት አዝራር ዝሆን፣ ቢጫው አንበሳ፣ ነጫጩ የሸሚዝ አዝራር የሜዳ አህያ ሆነ።

«ሚዳቋ በዛብኝ» አለ።

«ተው አትቀንስ። አንበሳው ምን ሊበላ ነው?» አለች እትዬ።

«እኔን እንዳይበላ ብዬ ነው የምጨነቀው።»

«አንተን? አጥንትህን ሲቆጥር ይመሽበታል!»

በየቀኑ በምሳ ሰዓት ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ትደውላለች። ስልኩን የሚያነሳው ሰውዬ መጀመሪያ በትሕትና፣ ቀጥሎ በድካም፣ በመጨረሻ በፍቅር ነበር የሚመልስላት።

«ዝሆንና መኪና መንገድ ላይ ቢገናኙ ቅድሚያ የማን ነው?»

«የዝሆኑ ነዋ፣ እናቴ።»

«መኪናው ከቀኝ የመጣ ቢሆንስ?»

«መኪናው ከሰማይ ቢወርድም የዝሆኑ ነው።»

«እሺ፣ የፍጥነት ወሰኑስ?»

«በሰዓት ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር። ከዚያ በላይ ክልክል ነው።»

እትዬ ስልኩን በመዳፏ ከድና ወደ እኛ ዞረች። «ሰማችሁ? ሃያ አምስት! ለካ በልኬ የተሠራ መንገድም አለ!»

ሰውዬው ምክርም አይቆጥብም ነበር። ውሃ በጄሪካን፣ ሁለት ትርፍ ጎማ፣ በሩ ላይ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት መድረስ፣ ከመኪና አለመውረድ። ከሁሉም በላይ ግን መፍጠን። ሣሩ አሁን አጭር ነው፤ ውሃው ስለቀነሰ እንስሳቱ ሁሉ ሦስቱ ኩሬዎች ዙሪያ ተሰብስበዋል። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ግን ፓርኩ ለዝናቡ ይዘጋል፤ ጥቁሩ አፈር ሲርስ መኪና አያሳልፍም። የማሠልጠኛው ባለቤት ነጯን መኪና ለቅዳሜ ፈቀደላት። ሁሉ ነገር ሰመረ።

«እንግዲህ የሾፌሩን መንጃ ፈቃድ ፎቶ ላኪልኝ» አለ ሰውዬው። «ራሱ ነድቶ የሚገባን ሁሉ እንጠይቃለን።»

የእትዬ መንጃ ፈቃድ ከምልክቶቹ በላይ፣ በመስታወት ክፈፍ ውስጥ፣ ለአርአያነት ተሰቅሎ ነበር። እያንዳንዳችን እየሳሳን አይተነዋል። ከነክፈፉ ፎቶ አንስታ ላከችው። ሰውዬው ወዲያው ደወለ፤ የታችኛው መስመር በክፈፉ ጠርዝ ተሸፍኗል፣ አይነበብም። ባልየው በመቀስ ጫፍ ሚስማሮቹን ነቀለ። ወረቀቱ ወጣ። ሁላችንም ጎንበስ አልን።

ካለፈበት ሦስት ዓመት ሆኖታል።

እስቲ አስቡት! በየዓመቱ «መንጃ ፈቃዳችሁን ማሳደስ አትርሱ» እያለች የምትለፈልፈው እሷ ናት፤ የምትለፈልፈውም ከዚያው ክፈፍ ሥር ቆማ ነው።

«ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» አለ ባልየው፤ ተናግሮም ሳይጨርስ ተጸጸተ።

ሁለት ዓመት ካለፈው ማሳደስ ብቻ አይበቃም፤ የመንዳት ፈተናውን እንደ አዲስ መውሰድ ግድ ነው። ቀጠሮ የተገኘው ሐሙስ።

«ለምን ሾፌር አንቀጥርም?» አለ ባልየው በለሆሳስ። «ኋላ ሆነን እያየን እንሄዳለን።»

እትዬ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሲነዳ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አንበሳንም እንደዚያው ልየው? እኔ ካልነዳሁ አንሄድም።»

ሐሙስ ጠዋት በፈተና ሜዳው ተሰለፍን። ፈታኙን ሁሉም ጋሽ ድገም ነው የሚለው፤ ፈተና ሲያልቅ ከአፉ የሚወጣ ሌላ ቃል የሰማ የለም። እኔና ፀጉር ሠሪዋ ተራ ጠባቂዎች ስለነበርን በነጯ መኪና የኋላ ወንበር ተቀመጥን። እትዬ በለመደችው በኩል ዞራ የቀኙን በር ከፈተች። ጋሽ ድገም የፈተና ወረቀት መያዣ ሰሌዳውን ታቅፎ ተቀምጧል።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ቦታዬ ላይ ነዎት።»

«የዛሬ ቦታዎ በወዲያ በኩል ነው፣ ወይዘሮ።»

ዞራ ገባች። ቀበቶዋን አሰረች፣ መስታወቷን አስተካከለች፣ ፍሬቻ አሳየች። ልክ መጽሐፉ እንደሚለው! መኪናዋ አንድ ጊዜ ተንዘፈዘፈችና ሞተሩ ጠፋ።

ዳግመኛ አስነሳች። ዳግመኛ ጠፋ።

«ሦስተኛ ከጠፋ ይደግማሉ» አለ ጋሽ ድገም።

ያኔ ነው የገባኝ። በአስተማሪው ወንበር ሥር ፍሬንና ፍሪሲዮን እንጂ ነዳጅ መስጫ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ነዳጁን የሚረግጥላት ሌላ ሰው ነበር። ግራ እግሯ ሊቅ ነው፤ ቀኝ እግሯ ማቆምን ያውቃል፤ መሄድን ግን ረስቷል። አርባው ኪሎ ሜትር፣ ኩሬው፣ ዝሆኑ፣ ሁሉም በዚያ አንድ እግር ላይ ተንጠለጠለ።

«እትዬ፣ ነዳጅ...» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ከኋላ ዝም!»

እትዬ ወደ ቀኝ ጉልበቷ አጎነበሰች። ድምፅዋ እኛን በመጀመሪያው ቀን ያባበለችበት ድምፅ ነበር። «ነይ የኔ ልጅ። ማንም አይቆጣሽም። እንቁላል እንደምትረግጪ አድርጊው። ትንሽ... ትንሽ ጨምሪ... ጎሽ!»

መኪናዋ ሄደች። ዳገቱ ላይ ቆመች፣ አልተንሸራተተችም፣ ተነሳች፣ ወጣች። «ወጣች! ወጣች!» እያለች እትዬ ጮኸች፤ እኔና ፀጉር ሠሪዋ እንደ ሕፃን ተቃቀፍን። በሁለቱ ምሰሶዎች መሐል ወደ ኋላ ስትገባ መርፌ ውስጥ ክር ያስገባች ያህል ነበር።

ጋሽ ድገም ጉሮሮውን ጠረገ። ቃሉ ለአፉ እንግዳ ሆኖበት፣ «አ... አልፈዋል» አለ። «ወረቀቱን ነገ ጠዋት ይውሰዱ።»

እትዬ ግን አልቆመችም። በሜዳው በር ወጥታ ዋናውን መንገድ ያዘች።

«ወይዘሮ፣ ፈተናው እኮ አልቋል።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ ወዴት ነን?»

«እስከ መታጠፊያው ድረስ ብቻ።»

«መታጠፊያውን አለፍነው።»

«የሚቀጥለውን ማለቴ ነው።»

መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ነፋሱ የጋሽ ድገምን ወረቀቶች አንድ በአንድ ወደ እኛ ይወረውራል፤ እኛ እየሳቅን እንለቅማለን። ከልብስ ሰፊው ሱቅ ፊት ለፊት ስትደርስ የመንገዱን ጠርዝ ይዛ ቆመች። ባልየው የሰው ሱሪ በክንዱ፣ አራት መርፌ በከንፈሩ ይዞ ሮጦ ወጣና በለመደው በቀኙ መስኮት ጎንበስ አለ። ከጋሽ ድገም ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ተገጣጠሙ።

«ም... ሚስቴን አይተዋታል?» አለ በመርፌዎቹ መሐል።

ጋሽ ድገም በእስክሪብቶው ወደ መሪው ጠቆመ።

ባልየው አያት። መሪውን አየ፤ መልሶ እሷን አየ። አፉን መክፈት ፈልጎ መርፌዎቹ አልፈቀዱለትም፤ ዓይኑ ግን እንባ አቀረረ።

«ምን ታፈጣለህ?» አለች እትዬ። «ቅዳሜ ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት እንነሳለን። ሁለቱንም ጄሪካን ሙላ።»

ጋሽ ድገም ከመኪናው የመውረድ ምልክት አላሳየም። ባዶ የቀረ ሰሌዳውን እያገላበጠ፣ «ለነገሩ፣ ቀጭኔ አለ ይሆን?» አለ።

«አሥራ አንድ» አለች እትዬ።

«አሥራ አንድ!» አለ ቀስ ብሎ፤ ወንበሩንም ለረጅም እግሩ እንዲመቸው ወደ ኋላ ገፋው።

ባልየው መርፌዎቹን ከአፉ እያወጣ በሱሪው ላይ አንድ በአንድ ሰካቸው። አራተኛውን ሲሰካ የኋላውን በር ከፈተና ጭንቅላቱን አስገባ።

«እስቲ ጠጋ በሉ» አለን። «ከዚህ ምን ያህል እንደሚታይ ልየው።»