«መጣሁ» ብሎ የወጣው እንግዳ

አልጋ አንጣፊዋ ከመንቃቷ በፊት ጉልበቷ ይነቃል። ገና ዓይኗን ሳትገልጥ ስለ ደረጃው ያማርራል። የእንግዳ ማረፊያው ውሃና ማጠቢያ ምድር ቤት ነው፤ ተደራራቢ አልጋዎች ያሉበት ትልቁ ክፍል ደግሞ ጣሪያው ሥር። ቤቱን የነደፈው ሰው እርጥብ አንሶላ ተሸክሞ ደረጃ ወጥቶ አያውቅም።

ቤቱ የታላቅ እህቷ ነው። የሚያርፉበት ቦርሳቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ ኪሳቸውን አጥብቀው ይዘው አገር የሚዞሩ ወጣቶች ናቸው። ከተማዋ ዋና ከተማ ትባል እንጂ ጥድፊያ አታውቅም፤ መንገድ የጠየቃትን እስከ በሩ ድረስ ትሸኛለች። ለአንድ አዳር ብሎ የመጣ ሳምንቱን እዚያው ይከርማል። ታላቅ እህቷ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ለገባ ለወጣው የምትለው አንድ ነገር ነው፤ እዚህ ማንም አይቸኩልም። እውነቷን ነው፤ ከአልጋ አንጣፊዋ በቀር ማንም አይቸኩልም።

በዚያ ሰሞን ግን ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። ሌላ ከተማ ያገባችው አንድ ልጇ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። ባሏ ሥራ ውሎ ስለሚያመሽ ምጡ ብቻዋን እንዳያገኛት ፈርታለች። በደወለች ቁጥር እናት ባልዲውን በአንድ እጇ፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል አጣብቃ፣ «መጣሁ የኔ ልጅ፣ መጣሁ» ትላለች። ስልኩ ሲዘጋ ሌላ ክምር አንሶላ ይጠብቃታል።

እህቷ አትሂጂ ብላት አታውቅም። ብትላትማ ይቀል ነበር፤ ተኳርፎ መሄድም አንድ ነገር ነው። እሷ ግን «እኔስ አክስቷ አይደለሁም ወይ?» ትልና፣ ይቺን ቡድን ብቻ እንሸኝ፣ እነዚህን ብቻ እናሳርፍ ትላለች። በስተመጨረሻ አንድ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ላይኛው ክፍል ቀለም ሊቀባ ስለሆነ አዲስ እንግዳ አይገባበትም። የመጨረሻው እንግዳ የወጣ ዕለት እሷም አልጋውን ገፍፋ፣ ክፍሉን አስረክባ ትሄዳለች።

የመጨረሻው እንግዳ ቀጭኔው ነበር። ስሙን ያወጣለት ዘበኛው ነው፤ በገባበት ቀን ከላይኛው አልጋ ጠርዝ ጋር ግንባሩን ደጋግሞ ስላጋጨ። ደግ ልጅ ነው፤ አንሶላውን ራሱ አጥፎ ያስቀምጥላታል። እሷም ዞር ሲልላት ፈትታ እንደ ደንቡ ታጥፈዋለች። ቋንቋውን የሚማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሰው አፍ እየለቀመ ነው። ከማንም ይልቅ የሚሰማው ደግሞ እሷን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ልብስ ታቅፋ ከክፍሉ ስትወጣና ስትገባ።

ሊወጣ በነበረበት ዕለት ጠዋት ቀጭኔው የቦርሳው ዚፕ መበላሸቱን አሳያት። የመንገዱ ጥግ ላይ ያለውን ልብስ ሰፊ በእጇ ጠቆመችው። ትንሽ ቆይቶ ቦርሳውን አቅፎ ወረደና ደረጃው ሥር በረኪና ስትበጠብጥ አገኛት። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ማማ፣ መጣሁ» አላት።

«እሺ የኔ ልጅ» አለችው፣ ከባልዲው ቀና ሳትል። እዚያ ቤት ሒሳብ የሚከፈለው ሲገባ ነው፤ የወጣን እንግዳ የሚጠይቅ የለም።

ላይ ስትወጣ የቀጭኔው ፎጣ ከአልጋው ብረት ላይ ተሰቅሏል፤ ነጠላ ጫማው ከአልጋው ሥር ተቀምጧል። በእሷ ሙያ ዕቃ ያለበት አልጋ አይገፈፍም፤ ባለቤት አለው። ስለዚህ ሌሎቹን ሁሉ ገፈፈች፤ የፍራሾቹን ስፌት እየገለጠች ትኋን ፈለገች፤ ትራሶቹን መስኮት ላይ አሰጣች። የእሱን አልጋ እየዞረች ወለወለች። የራሷ ሻንጣ ከማጠቢያ ቤቱ በር ጀርባ ተዘጋጅቶ ቆሟል። ዚፕ ምን ያህል ይፈጃል? አሁን ይመጣል፣ አልጋውን ገፍፋ ለከሰዓቱ አውቶቡስ ትደርሳለች።

ምሳ ሰዓት አለፈ። ዘበኛው ከታች ሆኖ፣ ቀጭኔው ዚፕ ሊያሠራ ነው ወይስ ልብስ ስፌት ሊማር ነው የሄደው እያለ ያላግጣል። እሷ በረንዳውና ደረጃው መሃል ስትመላለስ የአውቶቡሱ ሰዓት ደረሰ፣ አለፈም። ስልኳ ጮኸ።

«እማ፣ ተነሳሽ?»

«መጣሁ የኔ…»

«እማ፣ እሱን ቃል ተይው። መጣሁ ስትዪኝ ከረምሽ። የማትመጪ ከሆነ አልመጣም በይኝና ጎረቤት ልለምን።»

ልጇ ስልኩን ዘጋችው።

ሽርጧን ሳትፈታ ወደ ጥጉ ሄደች። ልብስ ሰፊው ክሩን ጥርሱ ላይ እንደያዘ ቀና አለ። ስለ ቀጭኔው ስትጠይቀው ሳቀ፤ እሱም እየጠበቀው ነው። ዚፑን ሠራለት፣ ልጁ ከፍሎ፣ ደረቱን ይዞ መጣሁ አለና ታክሲ ውስጥ ገባ። የረሳው ነገር ቢኖር ነው ብሎ ሱቁን ለምሳ ሳይዘጋ ቀረ። ባለሱቋም ከማዶ ሆና፣ ለእሷም መጣሁ እንዳላትና የሚወደውን ብስኩት አስቀምጣለት እንደዋለች ነገረቻቸው። ታክሲው ወዴት እንደሄደ ሲጠየቅ ልብስ ሰፊው ክሩን ከአፉ አወጣ።

«ሹፌሩን አውሮፕላን ጣቢያ ሲለው ሰምቻለሁ።»

መንደሩ በሙሉ አንድ ሰው ሲጠብቅ ውሏል። ሁለቱ ሳቁ፤ እሷም ትንሽ ሳቀችና አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ጉልበቷ እዚያው ቅሪ አላት።

«ከእኔ ነው የለቀመው» አለች። «ክምሩን ታቅፌ ከበሩ በወጣሁ ቁጥር መጣሁ እላለሁ። ስንብት መስሎታል።»

ልብስ ሰፊው መልሶ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ለልጇስ ከስንብት ሌላ ምን ሆኖላት ኖሯል?

ተመልሳ ደረጃውን አልወጣችም። ሽርጧን ፈትታ ገመዱ ላይ ሰቀለች፤ ሻንጣዋን ከበሩ ጀርባ አነሳች። ታላቅ እህቷ ከበረንዳው አየቻት።

«አውቶቡሱ አለፈሽ እኮ። ነገ ክፍሉን ጨርሰሽ ተረጋግተሽ ትሄጃለሽ። ደግሞ ያ አልጋ ዕቃ አለበት።»

«ዕቃ አይደለም እትዬ፣ የተጣለ ነው። ልጁ ሄዷል።»

እህቷ ወደ ደረጃው አየች፤ ከዚያ ወደ ሻንጣው። ድምጿ ወረደ፤ መቼ ልጠብቅሽ አለቻት። አልጋ አንጣፊዋ ከልማዷ የተነሳ ያንኑ ቃል ልትል አፏን ከፍታ ነበር።

«ሄድኩ» አለች።

መናኸሪያው ውስጥ አንድ ሚኒባስ ሰው እየጠራ ነበር። ገብታ ጉልበቷን እንደምንም አጥፋ ተቀመጠችና ደወለች። መጣሁ አላለችም። ከሹፌሩ ጀርባ ነኝ፣ አጠገቤ ጎማ ያቀፈ ሰውዬ አለ፣ ጎማው ጭኔ ላይ ሊተኛ ነው፣ አለቻት። ልጇ የሰውዬውን ድምፅ ስትሰማ ሳቀች።

«እንግዲያው አልጋ ላንጥፍልሽ» አለች።

ተይ፣ በዚህ ሆድሽ አትጎንበሺ፣ እኔው አነጥፋለሁ ልትል አሰበች። ግን በጣም ደክሟት ነበር።

«አንጥፊልኝ» አለችና ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደገፈች።