ጀርባዋን የሰጠች ታንክ

አማቴ ለእንቁጣጣሽ ሊጠይቁን መጥተው የመጀመሪያዋን ታንኬን በአመድና በሎሚ ፈትገው አጠቡልኝ። ከዘይት ቆርቆሮ የሠራኋት፣ ርዝመቷ ክንድ የማይሞላ፣ ተመትታ ሜዳ ላይ የቀረችን እውነተኛ ታንክ የምትመስል ነበረች። ከሥራ ስገባ ቡፌው ላይ፣ ከብርጭቆዎቹ መሐል፣ እንደ አዲስ ትሪ እያበራች ተቀምጣለች። ክረምቱን ሙሉ በጨው ውሃ ስዘፈዝፍ፣ ጣራ ላይ ዝናብ ሳስመታ፣ ጥላሸት ስቀባ የከረምኩበት ዝገት ከእጣቢው ጋር ደጅ ተደፍቷል። አማቴ ምስጋና እየጠበቁ ፊት ፊቴን ያዩኛል።

«ምነው ልጄ፣ ይኼን የመሰለ ዕቃ እንዲህ እስኪዝግ ትተወዋለህ? እጄ እስኪላጥ ነው የፈተግኩልህ» አሉኝ።

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ። ግን አማትን ምን ይሏል? «እግዜር ይስጥልኝ እማማ፣ ደከሙ» አልኩና ደጅ ወጥቼ አጥሩን በእርግጫ አልኩት። ባለቤቴ በመስኮት እያየችኝ በሳቅ ትንፈራፈራለች።

«ሰው አሮጌውን አዲስ ያደርጋል፤ አንተ አዲሱን አሮጌ ለማድረግ ትለፋለህ። እማዬ በምን ትወቅ?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

በዚያን ጊዜ አቃቂ ባቡር ጣቢያ የጭነት ጸሐፊ ነበርኩ። የምሥራቁ ጦርነት ካበቃ ሰባት ስምንት ዓመት ሆኖታል። በየሜዳው የቀሩት የተመቱ ታንኮች በክፍት ፉርጎ እየተጫኑ በድሬዳዋ በኩል ይመጡና፣ ብረት ማቅለጫው እስኪረከባቸው ድረስ ጣቢያችን ዳር ባለው ትርፍ ሐዲድ ላይ ይቆማሉ። ሌላው ሠራተኛ ምሳውን ሲበላ እኔ እነሱን ስዞር እውላለሁ። አንዱ አፈሙዙን ደፍቷል፣ የሌላው ራስ ተነቅሎ ለብቻው ተጭኗል። ዝገታቸው ደግሞ አንድ ዓይነት እንዳይመስላችሁ። እሳት የበላው ቦታ ብርቱካናማ ዱቄት ነው፤ ዝናብ የወረደበት ከየብሎኑ ሥር ቡናማ መስመር ያወጣል፤ ወታደሩ ሲወጣ ሲወርድ የረገጠው ጠርዝ ግን ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ይኼን ሁሉ በትንሹ መልሼ መሥራት አማረኝ። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ደስ ይለኛል፣ በቃ።

ልካቸውን የምወስደው በሲባጎ ነበር። በዚያ ዘመን የመንግሥትን ታንክ በሜትር ሲለኩ መገኘት ጣጣ ነው፤ ሲባጎ ግን ከማንም የጭነት ጸሐፊ ኪስ አይጠፋም። ገላዋን ከቆርቆሮ እቆርጥና በእርሳስ እበይዳለሁ። ሰንሰለቷ የሞተር ብስክሌት ሰንሰለት ነው። ዝገቱን ካረጁ ፉርጎዎች ላይ በቢላ ፍቄ፣ በድንጋይ አልሜ፣ በባለቤቴ የናይሎን ካልሲ እነፋዋለሁ፤ ካልሲው የት እንደገባ እስክታውቅ ድረስ ማለቴ ነው። ከዚያ ኮላ በስሱ ቀብቼ እነሰንሰዋለሁ።

ያቺ ታንክ ከታጠበች በኋላ ሌላ አልሠራም ብዬ ምዬ ነበር። መሐላው ሦስት ሳምንት ቆየ። አዲስ በደረሰ ፉርጎ ላይ ካለ ታንክ አፈር በብሩሽ እየጠረግኩ ሳለ ጋሪ ነጂው ደረሰብኝ።

ጋሪ ነጂው ከጣቢያው ዕቃ የሚያመላልስ፣ ከእኔ በአምስት ስድስት ዓመት የሚበልጥ ጨዋታ አዋቂ ነበር። በጦርነቱ ታንክ ይነዳ እንደነበር አቃቂ በሙሉ ያውቃል። ጋሪውን ሲያቆም ፈረሱን «ሞተር አጥፋ!» ይለዋል፤ ፈረሱም ይቆማል። አፈሩን ምን ላደርገው እንደሆነ ስነግረው አፈሩን የያዝኩበትን የሻይ ቅጠል ጣሳ ተቀበለኝና አሸተተው። ቀላ ያለ፣ አሸዋ የበዛበት አፈር ነው፤ ከአቃቂ ጥቁር ዋልካ ጋር ጨርሶ አይመሳሰልም። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

«ይኼ የዚያ አገር ነው» አለኝ። «ስንት ወር እንደበላሁት ታውቃለህ? እባክህ የኔን ታንክ ሥራልኝ።»

በማግስቱ ቤቴ መጥቶ ሁሉንም አጫወተኝ። ጠላት አንድ ጉብታ ላይ መሽጓል። እሱ ወደ ጉብታው እየነዳ ሳለ ታንኪቱ ተናወጠች፣ ምድር ዞረበት፣ ወዲያው ሞተሯ ተመቶ ውስጧ ጭስ ሞላ። ውስጧ የነበሩት አራቱም በሕይወት ወጥተው ሮጡ። ርቀው ዘወር ብለው ሲያዩ ታንኪቱ ጀርባዋን ለጉብታው ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ወገን አዙራ ቆማለች። የግራ ሰንሰለቷ ወልቋል። ያየ ሁሉ አንድ ነገር አለ፦ ሹፌሩ ፈርቶ ሊሸሽ ሲል ባንዴ አዞራት፣ በዚያ ምክንያት ሰንሰለቷ ወለቀ።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አልኩት።

«እኔማ አላስታውስም» አለኝ። «መሪ ዘንጉን የሳብኩት እኔ ልሁን፣ ራሷ ትዙር፣ አላውቅም። ፈርቼ እንደነበር ግን አውቃለሁ።»

የጦር ጓዶቹ በየወሩ በአቦ ቀን ሳሪስ አቦ ተሳልመው አብረው ይውላሉ። እሱም ይሄድ ነበር። «መጣ፣ ታንኪቱን የቤቷን መንገድ ያሳያት!» እያሉ ይቀልዱበታል። ቀልዱን ችሎታል፤ ቀልድ እሱም ያውቃል። ያልቻለው የተኳሹን ዝምታ ነው። ተኳሹ በዚያች ታንክ ውስጥ አብሮት የነበረ፣ ከአንድ ሳህን የበላ፣ እንደ ወንድም የሚያየው ሰው ነው። ሌሎቹ ሲቀልዱ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል እንጂ አንድ ቀን «ኧረ ተዉት» ብሎ አያውቅም። ዝምታው «አዎ፣ ሸሽቷል» ማለት ሆነበት። ስድስት ዓመት ሳሪስን አልረገጠም፤ ጭነት እንኳ ወደዚያ ከሆነ አይቀበልም።

«ሠርተህ ስጠኝና ለሁሉም ላሳያቸው» አለኝ። «ፊቷን ግን ወደ ጉብታው አድርግልኝ።»

«እሱንስ አላደርግም» አልኩት።

«ምን ቸገረህ? ቆርቆሮ አይደለም እንዴ?»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። የአንዲትን ብሎን ዝገት ትክክል ለማድረግ ሳምንት የምፈጅ ሰው፣ የታንክ ፊት አዙሬ ላቁም? «እንደነበረች ካልሆነ አልሠራም! ውሸት ከፈለግክ ሥዕል አሥል!» አልኩት። እሱም ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። ለአራት ወር በጣቢያው በር ሲያልፍ ፊቱን ወደ ፈረሱ ጭራ ያደርጋል። እኔም ከመዝገቤ ቀና አልልም። ባለቤቴ «ሁለት ሽማግሌ መላክ አለብኝ ወይስ ሁለት አለንጋ?» ትላለች።

ይሁንና እጄ አርፎ አልተቀመጠም። እሱ በነገረኝ ልክ መሥራት ጀመርኩ። ጉብታውን ከጀሶ አነሳሁ፣ ያንን ቀይ አፈር ነሰነስኩበት፣ የሞተሩን ክዳን በኩራዝ ጥላሸት አጠቆርኩ። ታንኪቱን ጀርባዋን ለጉብታው ሰጥቼ አቆምኩና የመጨረሻው ሥራ ላይ ደረስኩ። ይኸውም የወለቀውን የግራ ሰንሰለት መሬት ላይ ማስተኛት ነው። እሱ ሲያጫውተኝ «እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ነበር» ብሎኛል። ለመዘርጋት ሞከርኩ። አልዘረጋ አለ። ሰንሰለቱ ዙሪያውን የተያያዘ ስለሆነ ብጎትተው ብገፋው እንደ ቀለበት ተጣጥፎ ይወድቃል እንጂ እንደ ምንጣፍ አይተኛም። እንዲዘረጋ አንዱን ፒን መትቼ ማውጣት አለብኝ። ሚስማርና መዶሻ አንስቼ ልመታ ስል እጄ አየር ላይ ቀረ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። በሸሚዝ ብቻ ወደ ጋሪ ማቆሚያው ሮጥኩ። ሲያየኝ ይቅርታ ልጠይቅ የመጣሁ መስሎት ጢሙን ማስተካከል ጀመረ።

«ሰንሰለቷ ተዘርግቶ ነበር ወይስ ተጣጥፎ?» አልኩት ገና ሳልደርስ።

«ደህና ዋልክ አይባልም?»

«ተዘርግቶ ነው ተጣጥፎ!»

«ተዘርግቶ ነው አልኩህ እኮ! ልክ እንደ ምንጣፍ!»

እየጎተትኩ ቤት ወሰድኩት። ያልተፈታውን ሰንሰለት ፊቱ ጣልኩለት፤ እንደ ቀለበት ወደቀ። ከሌላኛው ላይ አንድ ፒን መትቼ አወጣሁና ጎተትኩት፤ ቀጥ ብሎ ተኛ። ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ከእኔ ይልቅ እሱ ነው የሚያውቀው፤ ሁለት ዓመት ሰንሰለት ሲያወልቅና ሲያስገባ የኖረ ሰው ነው።

«ሲዞሩ የወለቀ ሰንሰለት አይበጠስም» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «እንደ ቀለበት ሆኖ ከጎማው ላይ ይወርዳል እንጂ። ስንቱን መልሼ አስገብቻለሁ! ይኼ ፒኑ ወጥቶ ነው። ግራዋ ተፈትቶ ሲቀር፣ ቀኟ እየሄደ አዞራት።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «እና አልሸሸሁም?»

ያንን ጥያቄ የጠየቀኝ እንደ ልጅ ነው። ውሸት አልወድምና «እኔ እዚያ አልነበርኩም፣ ሰንሰለቱ ግን እንደሱ ይላል» አልኩት። ባለቤቴ ውሃ ሰጠችው፤ ባንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

የወሩ አቦ እስኪደርስ አልታገሠም። በማግስቱ ታንኪቱን በጆንያ ጠቅልለን በጋሪው ወደ ሳሪስ ወጣን። ተኳሹ ገበያው ዳር ራዲዮ ይጠግናል፤ ሱቁ ከኛ ቡፌ ብዙም አይሰፋም። የድሮ ጓዱን በር ላይ ሲያይ ከመቀመጫው ተነስቶ መልሶ ተቀመጠ። እኔ ጆንያውን ፈትቼ ታንኪቱን ከተፈታቱት ራዲዮኖች መሐል አስቀመጥኳት።

ተኳሹ ለሥራው የሚጠቀምበትን ማጉያ መነጽር ዓይኑ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። አፈሙዙን አየ። የተቃጠለውን የሞተር ክዳን አየ። አፈሩን በጣቱ ነካ አድርጎ ጣቱን አየ። ከዚያ የተዘረጋው ሰንሰለት ጋ ደረሰና ፒኑ የወጣበትን ቀዳዳ በጥፍሩ ነካ።

«እንዲህ ነበር» አለ በመጨረሻ። መነጽሩን ከዓይኑ ላይ አላነሳም፤ ከበስተሥሩ እንባው ይወርዳል። «ጠዋት ጠዋት ፒኖቹን በመዶሻ እየመታሁ የማጠብቅ እኔ ነበርኩ። ያን ቀን የቀኙን ጨርሼ ወደ ግራው ስዞር ሻይ ደረሰ አላችሁ። መዶሻውን ጥዬ መጣሁ። በኋላም ረሳሁት። እንዳልሸሸህ ካንተ በፊት የማውቀው እኔ ነኝ፤ መናገር አቃተኝ። አንተ መምጣት ስታቆም ደግሞ ይብሱን አቃተኝ።»

ስድስት ዓመት! በንዴት ጆሮዬ ጋለ። ይኼን ሰውዬ አንድ ነገር ካላልኩት እፈነዳለሁ ብዬ አፌን ስከፍት ጋሪ ነጂው እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገና ዝም አሰኘኝ። ፊቱን አየሁት፤ የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም።

«ሻዩ?» አለው ተኳሹን። «ያን ጠዋት ሻዩን ያፈላው ማን መሰለህ?»

ተኳሹ መነጽሩን አነሳ።

«እኔ ነኝ እኮ! ‹ና ሳይቀዘቅዝ ጠጣ፣ ፒኑ የትም አይሄድም› ያልኩህስ? ‹የትም አይሄድም› ነው ያልኩህ!»

መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። ተኳሹ አፉን በእጁ ይዞ ትንሽ ታገለ፤ ከዚያ እሱም ለቀቀው። በጠባቧ ሱቅ ተቃቅፈው እየሳቁ እያለቀሱ መደርደሪያውን ገፉት፣ አንድ ራዲዮም ወድቆ በራሱ መናገር ጀመረ። የጎረቤት ነጋዴዎች ምን መጣ ብለው በር ላይ ተሰበሰቡ።

ቀጥሎ ያደረጉት ነገር እንዲህ ነው። ተኳሹ ሱቁን ቆለፈ። በእሑድ ገበያ፣ ደንበኛ እየጠበቀው፣ ቆለፈ። ሁለቱም ጋሪው ላይ ወጡ፤ ሌሎቹን ጓዶች ቤት ለቤት ሄደው ሊነግሩ ነው። ተኳሹ «እኔው በአፌ ነው የምነግራቸው» ሲል ሰማሁት። ፈረሱ ተነሳ።

እኔ ታንኪቱን ታቅፌ መንገድ ዳር ቆሜያለሁ። ለሁሉም ላሳያት ብሎ ያሠራት ሰው ይዟት መሄዱን ረሳው፤ እኔንም ረሳኝ። አራት ወር የለፋሁባትን ዝገት ዘወር ብሎ ያየ የለም። «ኧረ ታንካችሁ!» ብዬ ልጮህ አስቤ ተውኩት። ጋሪው ቁልቁል ሲወርድ የሁለቱ ሳቅ ይሰማኛል። ውይይት ታክሲ አስቁሜ ገባሁ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት ጭኔ ላይ ያለችውን ታንክ ትክ ብለው አይተው፣ «ልጄ፣ ይቺን ነገር እኮ አመድና ሎሚ ያስለቅቃታል» አሉኝ። እኔም ከልቤ እየሳቅኩ «ይጠቧት እማማ፣ ከፈለጉ ይውሰዷት» አልኩና ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።