ኢራናዊው ተከላካይና የደካ መንገድ

ልጄ አድማሱ ለአሰልጣኙ በካፊኖኖ፣ በቤታችን ቋንቋ፣ ሲመልስላቸው ሜዳው ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አሰልጣኙ ጋሽ ተፈራ የሰሜን ሰው ናቸው፤ ቦንጋ ብዙ ዓመት ኖረው እንኳ ከሰላምታ በቀር ካፊኖኖ አያውቁም። ልጄ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ቤት ውስጥ ከእኔ ጋር በካፊኖኖ እናወራለን፤ ሜዳ ላይ ግን ቡድኑ ከየቦታው የተሰበሰበ ስለሆነ ከአማርኛ ሌላ ቃል ከአፉ አይወጣም ነበር። ያን ቀን በአማርኛ "ደህና ነህ? መቀጠል ትችላለህ?" ብለው ቢጠይቁት፣ እኔን እንደሚያናግር በካፊኖኖ፣ ያውም የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ ያወራበት በነበረው ድምፅ፣ "ውሃ ልጠጣና ልተኛ" አላቸው። ሰዉ የሚያሾፍባቸው መስሎት ተንከተከተ። እኔ ግን ሜዳው ዳር ወደተወጠረው ገመድ ተጠጋሁ።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ባለፈው እሁድ የሆነ ነገር ነው። አድማሱ አሁን ቢታ ገነት አስተማሪ ነው፤ ሚስትና አንዲት ሴት ልጅ አለው። ከልጅቷ ጋር ሊጠይቀኝ መጥቶ ቆጮና ጎመን በልተን ስናበቃ ስልኩን አወጣና "እማዬ፣ ሰውዬው ኳስ አቆመ" አለኝ። የትኛው ሰውዬ ብዬ አልጠየቅሁም። በቤታችን "ሰውዬው" የሚባለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ኢራናዊው ተከላካይ። ስልኩ ላይ አየሁት። ጸጉሩ ከጆሮው በላይ ሸብቷል፤ ማልያውን አውልቆ በእጁ ይዞ ሜዳውን ቀስ እያለ ይዞራል፤ ሕዝቡ ቆሞ ያጨበጭብለታል። እንባዬ መጣ። የልጅ ልጄ ግራ ገብቷት "አያቴ፣ ዘመድሽ ነው?" አለችኝ።

ምን ብዬ ልመልስላት? አገሩን ካርታ ላይ አሳዪ ብባል አላሳይም። የሚናገረውን አንድ ቃል አልሰማም። የሕይወቱን ታሪክ ግን ከጥግ እስከ ጥግ አውቀዋለሁ።

እኔ ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምሁት። አድማሱን በአሥራ ሰባት ዓመቴ ወለድሁ። ሥራዬ ኮረሪማ ነው፤ ፍሬውን ከገበሬ ገዝቼ፣ አድርቄ፣ በክር ሰክቼ እሸጣለሁ። ክር መስከት እጅ እንጂ ጆሮ አይፈልግምና፣ ልጄ ኳስ ከሚያሳዩበት ቤት ሲመለስ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያየውን ይነግረኛል። ሌላው ልጅ ጎል ስለሚያገባ ሰው ያወራል። የእኔ ልጅ የሚያወራው ጎል እንዳይገባ ስለሚያደርግ ሰው ነበር። "እማዬ፣ አጥቂ ዘጠኝ ጊዜ ስቶ አንዴ ቢያገባ ይሸከሙታል። ተከላካይ ዘጠኝ ጊዜ አድኖ አንዴ ቢስት ይሰድቡታል። ሰውዬው ግን አይስትም" ይለኝ ነበር። እሱም ለቡድኑ ተከላካይ ነበርና ጓደኞቹ "ኢራን" ብለው ሰየሙት። ሰፈር ውስጥ እኔንም "የኢራን እናት" ይሉኝ ነበር። ሳልዋሽ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

አድማሱ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነው፤ እኔም ገና ሠላሳ ሦስት። ወሩ መስከረም ነበር፤ እኛ አገር ግን አዲስ ዓመት ገባ ብሎ ዝናብ አያቆምም። የቦንጋ ልጆች ከደካ ልጆች ጋር ሊጋጠሙ በአይሱዙ ሲሄዱ፣ የደካ የገበያ ቀን ስለነበረ ኮረሪማ ልገዛ አብሬ ተጫንሁ። መንገዱን ሁሉ ሲዘፍኑ ሄዱ። የአድማሱ ድምፅ ግን አልተሰማም፤ ጫማውን ይፈታል፣ መልሶ ያስራል። ከትልቅ ከተማ አንድ መልማይ መጥቶ ጨዋታውን እንደሚያይ፣ ከተከላካዮች አንዱን መርጦ ይዞ እንደሚሄድ ተነግሯቸው ነበር።

ወደ ገበያ ከመሄዴ በፊት ሜዳው ዳር ቆምሁ፤ መልማዩ ነጭ ባርኔጣ አድርጎ ወንበር ላይ ተቀምጦ አየሁት። ልጄ ያን ቀን እንዴት እንደተጫወተ ለመናገር ቃል የለኝም። አንድ ጎል አግብተን እየመራን ነበር። ዕረፍት ሊወጡ ጥቂት ሲቀር ከማዕዘን ኳስ ተሻማ። አድማሱና አንድ የደካ አጥቂ እኩል ዘለሉ። ግንባር ለግንባር ሲጋጩ ድምፁ ገበያው ድረስ የተሰማ መሰለኝ። የደካው ልጅ ግንባሩን ይዞ ተነሳ። የእኔው ቆይቶ ነው የተነሳው። ቅንድቡ ላይ ተሰንጥቆ ነበርና ነጭ ፋሻ ጠመጠሙለት። ያኔ ሜዳው ተናወጠ። "ኢራን! ኢራን! ኢራን!" ለካ ሰውዬው ጭንቅላቱ ተጠምጥሞ፣ ደሙ በፋሻው እየታየ የተጫወተበት አንድ ጨዋታ አለ፤ ፎቶው በየሻይ ቤቱ ተለጥፏል። ልጄን ሳይሆን ፎቶውን ነበር የሚያዩት።

በዕረፍት ሰዓት የደካ ሴቶች እንደ ወጉ ለሁለቱም ቡድን ብርዝ አመጡ። አድማሱ አንድ ጣሳ ጠጣና ወዲያው አስመለሰው። "ማሩ በዝቶበት ነው" አሉ። ከዚያ ነው ጋሽ ተፈራ የጠየቁት፤ በካፊኖኖ የመለሰላቸውም ያኔ ነው።

ገመዱን ዘልዬ ገባሁ። በዚያ አገር ሴት ብርዝ በገመዱ ላይ ታቀብላለች እንጂ ሜዳ ውስጥ ገብታ አታውቅም።

"እትዬ ወርቅነሽ፣ ምን ሆነዋል?" አሉ ጋሽ ተፈራ።

"ልጄን ልወስድ ነው።"

"ወዴት?"

"ቦንጋ፣ ሐኪም ቤት።"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "መልማዩ እኮ እሱን ብቻ ነው የሚያየው። እኔ እንጃ፣ እንዲህ ያለ ዕድል ዳግም አይመጣም። ሃያ ደቂቃ ብቻ ይታገሱኝ፤ ከዚያ እኔው ተሸክሜ አደርስልዎታለሁ።"

"ጋሽ ተፈራ፣ ልጁ በምን ቋንቋ ነው የመለሰልዎት?"

"ሲያሾፍ ነዋ!" አለ ከኋላ አንዱ ተጫዋች።

"በእርስዎ አሹፎ ያውቃል?" አልኋቸው።

ወደ አድማሱ ዞረው አዩት። መጥፎ ሰው አልነበሩም፤ ስንት ዓመት ልጆቹን በባዶ ሜዳ ያለ ምንም ሲያሠለጥኑ ኖረው አንድ ልጃቸው ሊታይላቸው ነው። "እሱ ራሱ ይወስን" አሉ መጨረሻ ላይ።

አድማሱ አሁን ትንሽ ነቃ ብሎ ነበር። "እማዬ፣ ውጪ። ታሳፍሪኛለሽ። እገባለሁ" አለኝ፤ ዓይኑ ግን እኔ ላይ አልነበረም፣ ከትከሻዬ ወዲያ ነበር።

ምን ብዬ እንደማሸንፈው አላወቅሁም። ምክር አይሰማም፤ እናትነቴም እዚያ ሜዳ ላይ አይሠራም። ድንገት ኮረሪማ ስሰካ የነገረኝ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሲነግረኝ ቶሎ ብሎ ያለፈው ነገር ነበር፤ አይወደውም።

"ሰውዬው ጀርመን አገር ጭንቅላቱን ሲመታ ስንት ወር ተቀመጠ?"

ግንባሩን ቋጠረ። "አራት።"

"ማን አስቀመጠው?"

"ሐኪሙ።"

"እምቢ አለ?"

"አለቀሰ እንጂ እምቢ አላለም።"

"እንግዲያስ አንተም አልቅስና ተነሳ።"

እንባው እየወረደ ተነሳ። ክንዱን ይዤ ስወጣ የደካ ጎረምሶች ሲጮኹ ይሰማኛል። "ኢራን በእናቱ ተማረከ!" "ዳኛ፣ ለእናትየው ቀይ ካርድ!" መልማዩ ባርኔጣውን አውልቆ አየንና መልሶ አደረገው።

መናኸሪያው ላይ አንድ ሚኒባስ ቆሟል። ሾፌሩ "ሳይሞላ አልንቀሳቀስም" አለኝ። ሁለት ሰው ይጎድላል። ከኋላ ዶሮዎች ያቀፈች አንዲት ወፍራም ሴት "አንተ፣ እኔን አታየኝም እንዴ? ከነዶሮዬ ሦስት ሰው እሆናለሁ። ሞልቷል፣ ንዳ!" አለችው። መኪናው ሙሉ ሳቀ፤ ሾፌሩም አፍሮ ቁልፉን አዞረ።

የደካ መንገድ ያኔ ጭቃ ነበር። መኪናው ይንሸራተታል፤ የእንሰቱ ቅጠል በመስኮት እየገባ ፊታችንን ይጠርጋል። የልጄን ጭንቅላት ደረቴ ላይ አስደግፌ ያዝሁት። "ስንት ለስንት ነን?" አለኝ። "አንድ ለዜሮ እየመራን ነው" አልሁት። ፈገግ አለ። ትንሽ ቆይቶ "ስንት ለስንት ነን?" "አንድ ለዜሮ፣ እየመራን።" እንደ አዲስ ደስ አለው። ስንት ጊዜ እንደጠየቀኝ አልቆጠርሁም። በየጊዜው ያው ደስታ።

ከዚያ መጠየቁን ተወ። ይሄ ደግሞ ባሰብኝ። ዓይኑ ይከደናል። መቀስቀስ እንዳለብኝ ይሁን መተው እንዳለብኝ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ብቻ ካንቀላፋ የማይመለስ መሰለኝ።

"አድማሱ፣ ሰውዬው የማን ልጅ ነው?"

"የ...ዳቦ ጋጋሪ።"

"መጀመሪያ ምን ነበር የሚጫወተው?"

ጠፋበት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ቃል የለም። ስንት መቶ ጊዜ የነገረኝ ታሪክ! እንግዲህ እኔው ጀመርሁ። አራተኛ ክፍል ያልጨረስሁ ሴት፣ ከደካ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ፣ የኢራናዊ ተከላካይ ታሪክ መተረክ ጀመርሁ።

"መጀመሪያ አጥቂ ነበር። ከሲታ ስለሆነ አባረሩት። አንድ ቀን ተከላካይ ሲጎድል 'ግባና ቁም' አሉት፤ ገብቶ ቆመ። ጠጠር ሜዳ ላይ ነው ያደገው፤ ጉልበቱ ዛሬም ጠባሳ ነው። ሁለት ጊዜ ለክለብ ተፈትኖ ሁለቴ መለሱት። ወታደር ቤት ገባ፤ እዚያ ሲጫወት አዩትና ወሰዱት።"

"ከዚያስ?" አለች ዶሮ የያዘችው።

"ከዚያ ዋና ከተማቸው ሄደ። ሦስት ዓመት ዋንጫ በሉ። ከዚያ ጀርመን። ብርዱን አልቻለውም፤ እናቱ በየሳምንቱ ስልክ ትደውልለታለች።"

"ሚስት አላገባም?"

"እሱን ልጄ አልነገረኝም።"

"ዋናውን ሳይነግርሽ!" አለች፤ ሾፌሩ ሳይቀር ሳቀ።

ቀጠልሁ። አምበል ስለመሆኑ፣ ለአገሩ ሲሰለፍ አባቱ ዳቦ ቤቱን ዘግቶ ስለመምጣቱ። የዘነጋሁትን አስቤ፣ የቸኮልሁበትን ወደኋላ ተመልሼ። መኪናው አንዴ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ወንዶቹ ወርደው ሲገፉ እንኳ አላቋረጥሁም። "ጎል አግብቶ አያውቅም" ስል ግን ከደረቴ ላይ ቀጭን ድምፅ መጣ።

"ሁለት አግብቷል።"

"ምን አልህ?"

"ሁለት ጎል አግብቷል፣ እማዬ። አንዱ በጭንቅላቱ።"

ለተሳፋሪው ብዬ በአማርኛ ነበር የምተርከው፤ እሱም ሰምቶ በአማርኛ መለሰልኝ። እዚያው መኪና ውስጥ ጮክ ብዬ ፈጣሪን አመሰገንሁ፤ የዶሮዎቹ ባለቤትም እልል አለች።

ቦንጋ ስንደርስ ገና አልመሸም ነበር። ሾፌሩ መናኸሪያ ሳይቆም ሆስፒታሉ በር ድረስ አስገባን። አንዲት ወጣት ሐኪም ዓይኑን በባትሪ አየችው፣ ጣቷን አስቆጠረችው፣ ቅንድቡን ሰፋችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንጎሉ ክፉኛ ተናውጧል፤ እዚህ ሆኖ እንከታተለዋለን። ተመልሶ ገብቶ ሌላ ምት ደርሶበት ቢሆን ኖሮ ግን፣ እናቴ፣ በሕይወት ላያመጡት ይችሉ ነበር" አለችኝ። አራት ቀን ተኛ።

ሰው ታሪኩ እዚህ ላይ በደስታ ያለቀ ይመስለዋል። መልማዩ ሌላውን ተከላካይ መርጦ ይዞ ሄደ። የእኔ ልጅ አንድ ዓመት ሙሉ ራሱን ሲያመው ከረመ፤ ሐኪሟም ኳስ በጭንቅላቱ እንዳይመታ ከለከለችው። በጭንቅላቱ የማይመታ ተከላካይ ደግሞ የለም። ጫማውን ለጎረቤት ልጅ ሰጠ። ከእኔ ጋር ወር ያህል አልተነጋገረም፤ ያቀረብሁለትን ይበላል፣ ይነሳል። ስሰካ አጠገቤ ተቀምጦ ማውራቱም ቀረ። ሰውዬው ግን መጫወቱን ቀጠለ። በየዓመቱ፣ በየጨዋታው። ቴሌቪዥን ላይ ባየሁት ቁጥር ልጄ ወደ እኔ ዞሮ "ያኔ ባትገቢ ኖሮ" የሚለኝ ይመስለኝና ቶሎ ብዬ ወደ ጓዳ እገባ ነበር። የሐኪሟን ቃል ሰምቼ እንኳ ይህ ፍርሃት አልለቀቀኝም። ልጅን ከሞት ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ከሚወደው ነገር ነጥቆ ማውጣት ግን ሌላ። ሁለቱንም በአንድ እጅ ነው ያደረግሁት። ወጣትነቴ ያለቀው ያን ቀን ይመስለኛል።

እሁድ ዕለት ቪዲዮው ሲያልቅ ወደ ጓዳ አልገባሁም። ልጅቷ ልትጫወት ወደ ውጭ ሮጣ ነበር። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ያልጠየቅሁትን ጠየቅሁት።

"ተቀይመኸኝ ነበር?"

ስልኩን ኪሱ ከተተ። "አዎ፣ ተቀይሜሽ ነበር። በጣም።"

"እስከ መቼ?"

ብዙ አሰበ። ሊያስደስተኝ ብሎ እንዳይዋሸኝ ፈርቼ ፊቱን እያየሁ ነበር።

"እኔ እንጃ፣ እማዬ። አንድ ቀን ቂሙን ልፈልገው ብል አጣሁት። መቼ እንደሄደ አላየሁም።"

ማታ ወደ ቢታ ገነት ተመለሰ፣ መድረሱን ደውሎ ነገረኝ። እኔም ተኛሁ። ልጄ አለ። እኔም ከእንግዲህ አልፈራም፤ ደህና ነኝ።