የአባቴ ትንሿ ዝንብ

ዛሬ ከሰዓት አባቴ የዓሣ ማጥመጃ ክሩንና ከላባ የሠራትን መንጠቆ ያላት ዝንብ ሰጠኝና «እንካ፣ አንተ እሰራት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ልቤ አልተረጋጋም።

ነገ ሁለታችን ትራውት የሚባለውን ዓሣ ልናጠምድ ባሌ እንሄዳለን። ሳሊተ ምሕረት ያለው ሳሎናችን ከጠዋት ጀምሮ ላባና መንጠቆ ብቻ ሆኗል። (እናቴ ያለ ጫማ መግባት አቁማለች።)

ዓሣው እውነተኛ መስለውት እንዲነክሳቸው አባቴ ከሠራቸው ዝንቦች እኔ ትልቋንና ደማቋን መረጥኩ።

«ውኃው እኮ እንደ መስታወት ነው። ይቺን ሲያይ ዓሣው ይሸሻል» አለ አባቴ፤ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ግራጫ ዝንብ አወጣ። ላባዋን ያመጣው ጉርድ ሾላ ካለ ዶሮ ሻጭ ነው።

ግን ክሩን በመንጠቆዋ ቀዳዳ ማስገባት አቃተው። እጁ ይንቀጠቀጣል። መነጽሩን ቀይሮ ሞከረ፣ አሁንም አልሆነለትም። ዕድሜውን ሙሉ ማንንም ዝንብ አሳስሮ አያውቅም፤ ዛሬ ግን ለእኔ ሰጠኝ።

አሰርኩለት። ሳብ ሲያደርገው ተፈታ። እንደገና አሰርኩት፣ ያዘ።

«አባዬ፣ እጅህ እንዲህ ከሆነ ቆየ?»

«ነገ በጠዋት ነው የምንነሳው፣ ጃኬት እንዳትረሳ» አለኝ።

እናቴን ጠየቅኳት። እሷም ዛሬ ነው ያየችው።

ከባሌ ስንመለስ ሐኪም ጋ እንዴት አድርጌ እንደምወስደው እያሰብኩ ነው።

እናንተስ? አባታችሁ ወይ እናታችሁ ለሰው የማይሰጡትን ሥራ «አንተ ሥራው» ወይም «አንቺ ሥሪው» ያሏችሁ ቀን ምን አደረጋችሁ?