የኔታ ዝም ያሉበት መንፈቅ

ኮሌጅ በገባሁበት ዓመት፣ ከመስከረም እስከ ጥር መጨረሻ፣ ከቤቴ አንዲት ደብዳቤ አልደረሰችኝም። ዛሬ ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲ የላኩ ወላጆች በቀን ሦስት ጊዜ እየደወሉ፣ «በላሽ? ለበስሽ? ተኛሽ?» ሲሉ፣ ልጅቱን መቆሚያ መቀመጫ ሲያሳጧት እሰማለሁ። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ስለሆንሁ ምን እናድርግ ብለው የሚጠይቁኝም አሉ። እኔ ግን ምክር ልሰጥ አፌን በከፈትሁ ቁጥር ያ መንፈቅ ፊቴ ይደቀናል። ስለዚህ ምክሩን ትቼ የሆነውን እነግራቸዋለሁ።

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ቤታችን ከአምበር ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ከሚያስኬድ ደብር አጠገብ ሲሆን፣ ተማሪዎቻቸው ከቤታችን ጀርባ ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ ነበር። እኔንም ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ዳዊት ያስደገሙኝ እሳቸው ናቸውና እንደ ተማሪዎቹ «የኔታ» እያልሁ አደግሁ። ደብረ ማርቆስ አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ ሁለተኛ ደረጃ ስማር፣ «ሴት ልጅ ከተማ ሰደው ተቀመጡ» እያሉ የሚያሟቸው ብዙ ነበሩ። መልስ አልሰጡም። የኔታ ሲናደዱም ዝም፣ ደስ ሲላቸውም ዝም የሚሉ ሰው ነበሩ። ልዩነቱን የምታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች፤ እሷም አንዳንዴ ትስት ነበር።

ማትሪክ አልፌ አዲስ አበባ ኮሌጅ መግባቴን ስነግራቸው «ይቅናሽ» አሉኝ። ጉልበታቸውን ሳምሁ፤ በቃ። እናቴ በሶና ዳቦ ቆሎ ልትቋጥርልኝ ብድግ ስትል ግን አስቆሟት።

«ተማሪ ስንቅ ይዞ አይሄድም። ከሄደም በኋላ ከቤት አይላክለትም፤ ትምህርቱን እስኪጨርስ ቤቱን ይርሳ።»

«አንቱ፣ ልጅቱ እኮ ቁራሽ ለምና ልትማር አይደለም የምትሄደው!» አለቻቸው እናቴ።

አልሰሟትም። እሷም አልሰማቻቸውም፤ ዳቦ ቆሎውን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ከልብሴ ሥር ደበቀችልኝ። እኔም የአባቴን ንግግር እንደ ተራ የቅኔ ቤት ጥብቅነት ቆጥሬ፣ አንድ ወር ሳይሞላ ረሳሁት።

ኮሌጁ እንደጠበቅሁት አልነበረም። ደብረ ማርቆስ ላይ ከክፍሌ አንደኛ እወጣ የነበርሁት ልጅ፣ እዚያ ፈረንጅ መምህር በእንግሊዝኛ ሲናገር ከአሥር ቃል ሦስቱን እየለቀምሁ የምጽፍ ሆንሁ። ሰውዬው አፉን ሳይከፍት የሚናገር ይመስለኝ ነበር። የኅዳሩ ፈተና ውጤት ሲለጠፍ ቁጥሬን ከታች በኩል አገኘሁት። በመንፈቁ መጨረሻ የማያልፉት ይሰናበታሉ፤ ይኸን ሁላችንም እናውቃለን። ሌሎቹ ሴቶች የፈሩትን ያህል ፈርቼ ነበር፤ ነገር ግን እነሱ ፍርሃታቸውን የሚያካፍሉት ሰው ነበራቸው።

ዓርብ ዓርብ ከሴቶች መኝታ ቤት መግቢያ ባለው ጠረጴዛ ላይ ደብዳቤ ይደረደራል። አልጋዋ ከአልጋዬ አጠገብ የነበረው የሐረር ልጅ በየሳምንቱ ይደርሳታል። እናቷ ለሰው እየነገረች ነው የምታስጽፈው፤ የምታስጽፈውም ስለ አንዲት አስቸጋሪ ፍየል ነበር። ፍየሏ የጎረቤት ልብስ በላች፣ ፍየሏ ታሰረች፣ ፍየሏ ገመድ በጥሳ ጠፋች። ልጅቱ ጮክ ብላ ታነብልናለች፣ እንስቃለን፤ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ እኔ ይመልሳሉ። አንድ ቀን ውርደቱ ሲበዛብኝ፣ «አባቴ በግዕዝ ነው የሚጽፉልኝ፤ ባነብላችሁም አይገባችሁም» ብዬ ዋሸሁ። እንዲያውም ባዶ ወረቀት ዘርግቼ ዓይኔን ከላይ ወደ ታች እያንቀሳቀስሁ ያነበብሁበት ዓርብ አለ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን ወረቀቱ ላይ እንባዬ እንዳይንጠባጠብ ነበር የምታገለው።

እኔ በበኩሌ አምስት ደብዳቤ ጽፌአለሁ። አምበር ላይ የጨርቅ ሱቅ ያለው የይጁቤ ተወላጅ ሙስሊም ነጋዴ፣ ደብረ ማርቆስ ፖስታ ቤት ሣጥን ቁጥር ነበረው፤ የአካባቢው ሰው ደብዳቤ በእሱ በኩል ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ደብዳቤው ጠፍቶ ይሆናል አልሁ። ሁለተኛውን ስጽፍ ነጋዴው ታሞ ይሆናል አልሁ። አምስተኛው ላይ ስደርስ የምለው አለቀብኝ። የሰዉ ሐሜት በመጨረሻ ሠርቶባቸዋል፤ ሴት ልጅ በመላካቸው ተጸጽተው ከልባቸው አውጥተው ጥለውኛል ብዬ አመንሁ። ማታ መጽሐፍ ስገልጥ የሚታየኝ ፊደሉ ሳይሆን የአባቴ ጀርባ ነበር።

የመንፈቁን ፈተና ለጥቂት አለፍሁ፤ ከማስጠንቀቂያ ጋር። የአንድ ሳምንት እረፍት ተሰጠን። በሚቀጥለው ሰኞ ተመልሶ ያልተመዘገበ ቦታውን ያጣል ተባለ። እኔ ሣጥኔን ስሸክፍ ግን አንዲት መሐረብ እንኳ አልተውሁም። ለሐረሯ ልጅ ትራሴን ሰጠኋት። ልመለስ አልነበረማ!

አውቶቡሱ አባይ በረሃ ወርዶ፣ ወጥቶ፣ አምበር ሲያደርሰኝ ቀኑ ገና አልመሸም ነበር። ሣጥኔን አደራ ላስቀምጥ ወደ ነጋዴው ሱቅ ሄድሁ።

«አንቺ ነሽ? በደህና ነው?» አለ ደንግጦ።

«ደህና ነኝ፣ ጋሼ። ደብዳቤዎቼ ደርሰዋል?»

«አምስቱም! በሰው እጅ አልላክሁም፣ ወላሂ። እኔው ራሴ ለየኔታ በእጃቸው ነው ያስረከብሁት። ተቀብለው ሳም ያደርጉና በጉያቸው ይከቱታል።»

መሳማቸውን አልሰማሁትም። የሰማሁት «አምስቱም» የሚለውን ብቻ ነው። የአንድ ሰዓቱን መንገድ በግማሽ ሰዓት ሳልጨርሰው አልቀረሁም፤ እግሬ ሳይሆን ንዴቴ ነው ያደረሰኝ።

የኔታ ከወይራው ሥር ተቀምጠው ተማሪ ያስቀጽሉ፣ በቃሉ ያስጠኑ ነበር። ሲያዩኝ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ጨረስሽ?» አሉኝ።

«አልጨረስሁም።»

«ታመምሽ?»

«አልታመምሁም።»

«ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

አምስት ወር ሙሉ የጠበቅሁት ቃል ይኸ ሆነ። አልፌ ቤት ገባሁና እናቴ ደረት ላይ ተለጥፌ አለቀስሁ። እሷም አለቀሰች፣ ከዚያ አንገቴን ዳበሰች፣ ከዚያ ከሳሽ ብላ ተቆጣች።

«ደብዳቤዬን ሰምተሽ ዝም ትዪኛለሽ?» አልኋት።

«ምን አለች ስላቸው፣ ደህና ናት ይሉኛል። አምስቱንም ጊዜ ደህና ናት ነው ያሉኝ።»

«የታሉ ደብዳቤዎቹ?»

ከግድግዳው ላይ የዳዊታቸውን ማኅደር፣ ያንን የቆዳ መያዣ አውርዳ ከፈተችው። አምስቱም ከዳዊቱ ጎን በተርታ ተሰክተዋል። አንዳቸውም አልተከፈቱም። እኔው በምላሴ አርሼ እንዳሸግኋቸው ናቸው። እናቴ ፊደል አታውቅም፤ የተከፈተና ያልተከፈተ ግን ታውቃለች። አንዱን አገላብጣ አየችው፣ ሌላውን አየችው፣ ከዚያ በሩ ላይ ቆማ፣ በተማሪዎቹ ፊት፣ «አንተ ሰውዬ!» ብላ ተጣራች። አባቴን ከአንቱ ዝቅ አድርጋ ስትጠራ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የኔታ መጥተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ደብዳቤዎቹን በእናቴ እጅ ሲያዩ ምንም ነገር ለመሸሸግ አልሞከሩም።

«ለምን አልከፈቷቸውም?» አልሁ።

«አንብቢልኝ» አሉ።

«ራስዎ ያንብቧቸው!»

እንዲህ ስመልስላቸው የመጀመሪያዬ ነበር። አልተቆጡም። «ካንቺ አፍ ልስማው» አሉ ቀስ ብለው።

ቀደድሁና ጀመርሁ። የመጀመሪያው ሰላምታው የበዛ፣ ስለ አልጋውና ስለ ምግቡ፣ በቧንቧ ውሃ ፊትን ስለ መታጠብ የሚያወራ ነው። «እሺ» አሉ። ሁለተኛው ስለ ኅዳሩ ፈተና ነው፤ ራሴን ደንቆሮ ብዬበታለሁ። እዚህ ላይ አቋረጡኝ። «እኔ ቅኔ ቤት ስገባ ሦስት ወር ሙሉ የመጀመሪያዋን ባለ ሁለት ቤት ቅኔ መሙላት አቅቶኝ ነበር። ቀጥዪ።» ይኸን ነግረውኝ አያውቁም። በኅዳር ቢነግሩኝ ኖሮ ብዬ ደሜ ፈላ። ሦስተኛው ለምን ዝም አላችሁኝ የሚል ነው። አራተኛው አምስት መስመር ብቻ ነው። እናቴ ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላ እንባዋን ትጠርጋለች።

አምስተኛው ላይ ስደርስ አንድ አረፍተ ነገር አለፍሁ። ሳየው እኔኑ አሳፈረኝ።

«ዘለልሽ» አሉ የኔታ።

ዕድሜ ልካቸውን ተማሪ በቃሉ ሲወጣ በጆሯቸው ብቻ ሲያርሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከእሳቸው ምን ይደበቃል? ተመልሼ አነበብሁት። «ወንድ ልጅ ብሆን ኖሮ ይጽፉልኝ ነበር። ሴት በመሆኔ ሬሳ እንደሸኙ ሁሉ ቀብረውኝ ተመልሰዋል» ይላል።

የኔታ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት መሬቱን አዩ።

«ዲማ ቅኔ ተምሬ ስጨርስ» አሉ፣ «አባይን ተሻግሬ ለድጓ ዜማ ትምህርት በጌምድር ሄድሁ። አስመስክሬ የድጓ መምህር ለመሆን ሁለት ዓመት ሲቀረኝ ክፉ ዓመት መጣ። ቁራሽ የሚሰጥ ጠፋ። በመንገደኛ ቃል ላክሁ፤ ራበኝ በሉልኝ አልሁ። ሌላ ነገር አላልሁም። አባቴ በቅሎ ጭነው መጡ። እህል ያመጡልኝ መስሎኝ ሮጬ ተቀበልኋቸው። አዎ፣ አምጥተው ነበር። በነጋታው ግን በዚያችው በቅሎ አስቀምጠው ይዘውኝ ተመለሱ። ወደውኝ ነው፤ ምን ይፈረድባቸዋል? ድጓዬ እዚያው ቀረ። አገር የሚያውቀኝ በቅኔው ነው፤ የጎደለኝን የማውቀው እኔ ነኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ሞልቷል።

«ደብዳቤሽ ሲመጣ ራበኝ ይላል ብዬ ፈራሁ። ብከፍተው እመጣ ነበር። በቅሎዬን ጭኜ እመጣ ነበር። ራሴን አላመንሁትም።»

ይቅርታ አላሉኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ንዴቴም በአንድ ጊዜ አልጠፋም፤ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቀን አይጠፋም። ነገር ግን ያ ለወራት የታየኝ ጀርባቸው ዞሮ ፊታቸውን አየሁ። ያን መንፈቅ ሙሉ እሳቸውም እንደ እኔ ሲሰቃዩ እንደከረሙ ገባኝ፤ ወደድኋቸው፣ አዘንሁላቸውም።

«የኔታ፣ እዚያ እኮ ያበሉናል» አልኋቸው። «ማንም መጥቶ ይውሰደኝ አላልሁም። የቸገረኝ ወሬ ነው። ይጻፉልኝ።»

«ምን ብዬ?»

ለየበዓሉ አዲስ ቅኔ የሚያፈልቁት ሰው ለልጃቸው የሚጽፉት ቸገራቸው!

«ላሟ ወለደች ብለው ይጻፉ።»

«ይኸ ደግሞ ምን ቁም ነገር ነው?»

«የሐረር ጓደኛዬ እናት ስለ ፍየል ነው የምትጽፍላት» ብላቸው እናቴ እያለቀሰች ሳቀች።

ሳምንቱ ሲያልቅ ወደ ኮሌጁ ተመለስሁ፤ ያም ሆኖ እስከ መጨረሻው ለመማር ልቤ አልቆረጠም ነበር። ሰኞ ተመዘገብሁ፣ ትራሴን ከሐረሯ ልጅ ተቀበልሁ፤ ግን እንግሊዝኛው ያው እንግሊዝኛ ነው፣ ማስጠንቀቂያውም ያው ነው። ሌላ ፈተና ቢያዳልጠኝ ሳያባርሩኝ በራሴ እሄዳለሁ እያልሁ ነበር የምማረው።

የኔታ የተሳሳቱት ልጅነታቸውን እኔ ላይ ስላዩ እንደሆነ የገባኝ በኋላ፣ እኔም በተራዬ ስሳሳት ነው። የበኩር ልጄ ኮሌጅ ሲገባ በሳምንት ሁለት ደብዳቤ ስጽፍለት፣ በጓደኞቹ ፊት መሳቂያ አድርጌው ኖሯል። «እማዬ፣ እባክሽ አንዳንድ ሳምንት እንኳ እረፊልኝ» ብሎ ጻፈልኝ። እኔ ያጣሁትን ለእሱ አጎረስሁት፤ እሱ ግን አልራበውም ነበር። ምክር የሚጠይቁኝ ወላጆች ይኸን ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ከዚያ ወጥተው ስልካቸውን ያነሳሉ።

ሁለተኛው መንፈቅ በተጀመረ በሦስተኛው ዓርብ ጠረጴዛው ላይ ስሜ ያለበት ደብዳቤ አገኘሁ። ብራና ላይ እንደሚጽፉት በመቃ ብዕር የተጻፈ ነው፤ የእግዚአብሔር ስም ባለበት ሁሉ ቀለሙ ቀይ ነው። ላሟ ገና አልወለደችም ይላል። ጎጆው አዲስ ክዳን ለብሷል። ከዲማ አንድ ብርቱ ተማሪ መጥቶ ሌሎቹን አስቀንቷቸዋል። እናትሽ ከስተሻልና ብዪ ትላለች። ከዚያ በታች፣ ከሌላው ጽሕፈት ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ብዕሩ ጠበቅ ተደርጎ የተጻፈ አንድ መስመር አለ።

«ናፍቀሽናል። አትምጪ።»

እዚያው ጠረጴዛው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ሲወጣልኝ ፊቴን ታጥቤ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድሁ።